105 ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ ከረሜላ ነው

ጥያቄ፦ «ሰላም። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ዘመድ ከአርባ ምንጭ አንድ ሳጥን ማንጎ ላከልኝና ሳይበላሽ ማርማላታ ልሥራው ብዬ ተነሣሁ። ቴርሞሜትር ሁሉ ገዛሁ። ያየሁት አሠራር 105 ዲግሪ እስኪደርስ አብስዪ ይላል። ብጠብቅ ብጠብቅ አልደርስ አለ፤ ሲደርስ ደግሞ ጠቁሮ ነበር፣ ሲቀዘቅዝ ማንኪያ እንኳን አልገባ አለው። ሁለተኛውን ፈርቼ ቶሎ አወጣሁት፣ ስኳሩንም በግማሽ ቀነስኩ። እሱ ደግሞ እንደ ጭማቂ ፈሳሽ ሆነ፣ አንደኛው ጠርሙስ በሦስት ሳምንቱ ሻገተ። ጥፋቴ ምን ላይ ነው? በፓፓያና በዘይቱንስ ይሠራል? የተበላሹትንስ ምን ላድርጋቸው?»

መልስ፦

እህቴ፣ እጅሽ አላጠፋም። ያጠፋው ቁጥሩ ነው።

ያ 105 ዲግሪ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። አንቺ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው ድስትሽን የጣድሽው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል ብለሽ ያዢው። ማንጎው የመጣበት አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ ወደ 96 ይጠጋል፤ ሐዋሳ 94 አልፎ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 90 እና 91 መካከል። ደጋ ላይ ሽምብራና ሥጋ ለመብሰል ረጅም ሰዓት የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው። ፈልቷል ማለት ሞቋል ማለት አይደለም።

አሁን ስኳሩን እናምጣው። ስኳር ውሃን አጥብቆ ይይዛል። ውሃ ውስጥ ስኳር በበዛ ቁጥር ድብልቁ የሚፈላበት ሙቀት ከንጹሕ ውሃ ከፍ እያለ ይሄዳል። ማርማላታ የሚረጋው ከጠቅላላው ውስጥ 65 ከመቶ ያህሉ ስኳር ሲሆን ነው፤ የፍሬው የራሱ ስኳርም ይቆጠራል። እዚያ ሲደርስ የሚፈላው ከውሃው መፍያ 4 ተኩል ወይም 5 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው። ባሕር ዳርቻ ያለው ሰው 100 ላይ 5 ጨምሮ 105 አለ። ልክ ነው፣ ለእሱ። ለአንቺ 92 ላይ 5 ሲጨመር 97 ነው። አንቺ ግን እስከ 105 ገፋሽው። ከውሃው መፍያ 13 ዲግሪ ከፍ አለ ማለት ነው። እዚያ ላይ ስኳሩ 85 ከመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ይኼ ደግሞ ከረሜላ የሚሠሩ ሰዎች የሚፈልጉት ውፍረት ነው። ማንኪያ አልገባ ያለው ለዚህ ነው። አንቺ የታዘዝሽውን በትክክል ፈጽመሻል።

ይኼ በእኔም ደርሷል። ተምሬ እንደወጣሁ መጀመሪያ የሠራሁት ድሬዳዋ ነበር። ድሬዳዋ ቆላ ስለሆነ ውሃው 96 አካባቢ ይፈላል፣ እኛም ማርማላታውን 101 ላይ እናወጣ ነበር። ቁጥሩ እጄ ገባ። አዲስ አበባ ተዛውሬ በዚያው 101 የአናናስ ማርማላታ ስሠራ ሃያ ኪሎ ያህል እንደ ሙጫ ደረቀብኝ። ያን ቀን አናናሱን ጠረጠርኩ፣ ስኳሩን ጠረጠርኩ፣ እሳቱን ጠረጠርኩ። ከፍታውን ለማሰብ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ለዚህ ነው ያንቺን ጥያቄ ሳየው ወዲያው የገባኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማንጎ መላጥ አይደለም። ውሃ ማፍላት ነው። በትንሽ ድስት ውሃ ጣጂ፣ በደንብ ሲንተከተክ ቴርሞሜትሩን አስገቢ። ጫፉ የድስቱን መቀመጫ እንዳይነካ። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂና የሚያሳይሽን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊው። 91 ሊል ይችላል፣ 93ም ሊል ይችላል፤ ርካሽ ቴርሞሜትሮች አንድ ሁለት ዲግሪ ይሳሳታሉ። ችግር የለውም። ስሕተቱ በሁለቱም ልኬት ላይ ስላለ ይጣፋል። ያገኘሽው ላይ 5 ደምሪ። ያንቺ ቁጥር እሱ ነው። ከአሁን በኋላ ከየትም ያየሽው አሠራር ላይ 105 ወይም 104 የሚል ስታገኚ በዚህ ተኪው።

ቴርሞሜትር የሌላቸው ሌሎች አንባቢዎችም ስላሉ፣ እኔ ራሴ ቤት ውስጥ የምጠቀምበትን ልንገራችሁ። ሚዛን ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ከቴርሞሜትር ይልቅ አያታልልም፣ ከፍታም አይነካውም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ የበሰለ ማንጎ ውስጥ በግምት 150 ግራም የራሱ ስኳር አለ። 750 ግራም ስኳር ስትጨምሪበት 900 ግራም ይሆናል። ይኼ 900 ግራም የጠቅላላው 65 ከመቶ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ማርማላታው ሲያልቅ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል መመዘን አለበት። በቃ። ባዶ ድስቱን መጀመሪያ መዝኚው። 1 ኪሎ ከ200 ግራም ነው እንበል። እያበሰልሽ ሳለ ድስቱን አንሥተሽ ሚዛኑ ላይ (ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ወይም ጣውላ አድርገሽ፣ የእሱንም ክብደት ቀንሰሽ) አስቀምጪ። 2 ኪሎ ከ600 ሲል ደርሷል። ማማሰያውን አውጪ እንጂ አብረሽ አትመዝኚው። ከዚያ በላይ ከሆነ መልሰሽ ጣጂ። ከዚያ በታች ከሄደ ደግሞ ትንሽ የፈላ ውሃ ጨምረሽ ታስተካክያለሽ። ሰው ይኼን አይቶ ቀላል ስለሚመስለው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ለሃያ ዓመት ያህል ከዚህ የተሻለ የቤት ዘዴ አላገኘሁም።

ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ ማየትም አለ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ትንሽ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጫለሽ፣ አንድ ጠብታ ጣል ታደርጊበታለሽ፣ ደቂቃ ጠብቀሽ በጣትሽ ትገፊዋለሽ፣ ከላዩ ከተሸበሸበ ደርሷል ይባላል። ለዘይቱንና ለብርቱካን ጥሩ ነው። ማንጎ ግን ሥጋው ወፍራም ስለሆነ እንደዚያ ግልጥ አድርጎ አይሸበሸብም። በማንጎ ላይ የምታዪው ሌላ ምልክት ነው። ጠብታው ዙሪያ ቀጭን የውሃ ክበብ ከሠራ ገና ነው። ውሃ ሳይለይ ክብ ብሎ ከተቀመጠ ደርሷል። ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ስትጎትቺ መቀመጫው ለአፍታ ታይቶ ቀስ ብሎ ከተከደነም ያው ነው።

ሁለተኛው ለምን ፈሰሰ፣ ለምን ሻገተ? ይኼን ለማስረዳት ከማር የተሻለ ነገር የለም። ንጹሕ ማር ዓመት ተቀምጦ አይበላሽም። ውስጡ ያለው ውሃ ትንሽ ነው፣ ያችኑም ስኳሩ ይዟታል፤ ሻጋታም እርሾም የሚጠጣው ውሃ አያገኝም። ያንኑ ማር በሦስት በአራት እጥፍ ውሃ በጥብጠሽ ጌሾ ብትጨምሪበት በጥቂት ቀን ይብላላና ጠጅ ይሆናል። ማሩ ያው ማር ነው። የተለወጠው ውሃው ነው። ማርማላታም በማርና በብርዝ መካከል ያለ ነገር ነው። 65 ከመቶ ስኳር ላይ ከሆነ ወደ ማሩ ይጠጋል። አንቺ ስኳሩን በግማሽ ስትቀንሺና ቶሎ ስታወጪው ወደ ብርዙ አስጠጋሽው። ምናልባት የቀሩትን ጠርሙሶች ስትከፍቺ ጠጅ ጠጅ ቢሸትሽ ምክንያቱ ይኼ ነው፤ እርሾ ገብቶ ሥራ ጀምሯል።

ስኳር መቀነስ የፈለግሽበት ምክንያት ይገባኛል። ብዙ ሰው ስኳሩ ለጣዕም ብቻ የሚጨመር ይመስለዋል። አይደለም፤ ጠባቂውም እሱ ነው፣ አርጊውም ግማሹ እሱ ነው። ስኳር የቀነሰ ማርማላታ መሥራት ይቻላል፤ ግን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አይደለም። ፍሪጅ ውስጥ አድርገሽ በሁለት ሳምንት የምትጨርሺው፣ ወይም ፍሪዘር የምታስገቢው ነው። ከሁለቱ አንዱን ከወሰንሽ በኋላ ነው ድስት መጣድ ያለብሽ።

የመርጋቱን ነገር ደግሞ ትንሽ ልቆይበት። ማርማላታ እንዲረጋ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ያስፈልጋል፦ ፔክቲን፣ አሲድና ስኳር። ፔክቲን ፍሬው ራሱ ውስጥ ያለ አያያዥ ነገር ነው። የሦስቱ ሚዛን ከተዛባ የፈለግሽውን ያህል ብታፈይው አይረጋም፤ ይባስ ብሎ ረጅም ሰዓት ስታፈይው ፔክቲኑ ራሱ ይበጣጠስና መርጋቱን ያጣል። በጣም የበሰለ ማንጎ ፔክቲኑም አሲዱም ቀንሷል። ለመብላት ግሩም ነው፣ ለማርማላታ ግን ደካማ። መፍትሔው እዚሁ ሳጥኑ ውስጥ አለ። ከአራት ማንጎ ሦስቱ በደንብ የበሰሉ፣ አንዱ ደግሞ ገና ጠንከር ያለ፣ ሲበሉት ኮምጠጥ የሚል ይሁን። ያልበሰለው ፔክቲኑንና አሲዱን ያመጣል፣ የበሰሉት መዓዛውን። ስለዚህ ሳጥኑ እንደመጣ ሁሉም እስኪበስል አትጠብቂ።

ሎሚው ደግሞ የግድ ነው። ለአንድ ኪሎ ማንጎ አራት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ አድርጊ፤ የእኛ ሎሚ ትንሽ ስለሆነች አራት አምስት ፍሬ ትፈጃለች። የጨመቅሽበትን አትጣይ። ዘሩና ነጩ የውስጥ ልጣጭ ፔክቲን የሞላበት ነው። በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ቋጥረሽ ከማንጎው ጋር አብስዪያቸው፣ በኋላ ጨምቀሽ ታወጫለሽ። በሱቅ የሚሸጥ የፔክቲን ዱቄት ፍለጋ ከተማውን መዞር አያስፈልግሽም።

አሁን አሠራሩን ከመጀመሪያው እንሂድበት። ማንጎውን እጠቢ፣ ላጪ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለዪ። የማንጎ ልጣጭና ከተቀጠፈበት ጫፍ የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ ቆዳሽ የሚቆጣ ከሆነ ጓንት አድርጊ። የአገሩ ማንጎ ጭረት ይበዛበታል። ፈጭተሽ በወንፊት አሳልፊው። አፕል ማንጎ ከሆነ ጭረቱ ትንሽ ስለሆነ በቢላ ደቆስ ማድረግ ይበቃል፤ እኔ እንዲያውም ግማሹን እፈጭና ግማሹን በትንንሹ ከትፌ እተወዋለሁ፣ ዳቦ ላይ ሲቀባ ፍሬው ጥርስ ላይ ሲገኝ ደስ ይላል።

ድስቱ ሰፊና መቀመጫው ወፍራም ይሁን። ጠባብና ጥልቅ ከሆነ ውሃው የሚተንበት ቦታ ያጣል፣ ማርማላታው እሳት ላይ ብዙ ይቆያል፣ ይጠቁራል። በተቻለ መጠን የማይዝግ ብረት ተጠቀሚ። ስስ አሉሚኒየም ድስት ከሎሚ አሲድ ጋር አይስማማም፣ ጣዕሙን ብረት ብረት ያደርገዋል፣ ቀለሙንም ያበላሻል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል ፍሬ በላይ አታድርጊ። ሳጥኑን በሙሉ በአንድ ድስት ልገላገለው ማለት ትልቁ ፈተና ነው፣ አውቃለሁ። ግን አምስት ኪሎ ሲሆን ውሃው የሚተንበት ሰዓት በጣም ይረዝማል፣ በዚያ መካከል ፔክቲኑ ያልቃል። ሦስት ጊዜ መሥራት ይሻላል።

መጀመሪያ ማንጎውን፣ የሎሚውን ጭማቂና ቋጠሮውን ብቻ በትንሽ ውሃ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ አብስዪ። ስኳር ገና ነው። ስኳር ቶሎ ከገባ ፍሬው ይጠነክራል፣ ፔክቲኑንም በደንብ አይለቅም። ፍሬው ሲለሰልስ ቋጠሮውን ጨምቀሽ አውጪ፣ ስኳሩን አስገቢ፣ እስኪሟሟ ድረስ በቀስታ እሳት አማስዪ። ከሟሟ በኋላ እሳቱን ከፍ አድርጊ። ከዚህ በኋላ ፍጥነት ነው የሚፈለገው። ድስቱን ትተሽ ስልክ ለማንሣት እንዳትሄጂ። ማንጎ ሲወፍር ጠብ ጠብ እያለ ይረጫል፣ የሚረጨውም ስኳር ስለሆነ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል። እጀ ረጅም ልብስ ልበሺ፣ እጀታው ረጅም የሆነ ማማሰያ ያዢ፣ ልጆች ካሉ ከወጥ ቤቱ ውጭ ይሁኑ። ይኼን ደጋግሜ የምለው አንዲት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ክንዷ ላይ ጠባሳ ስለቀረባት ነው።

በከሰል የምትሠሩ ከሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ያለው ኃይለኛ ፍም ጥሩ ነው፣ መጨረሻ ላይ ግን ከሥር ያሳርራል። ሲወፍር ፍሙን ቀንሱለት። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ደግሞ አትደንግጪ። ስኳር ካልገባ ክደኚውና ሲመጣ ቀጥዪ። ስኳር ከገባም በኋላ በዚያው ቀን እስከቀጠልሽ ድረስ ይተርፋል፤ መርጋቱ ትንሽ ይላላል እንጂ አይበላሽም።

ጠርሙሱ ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል። የማርና የለውዝ ቅቤ ጠርሙስ ተጠቅመሽ ይሆናል፤ ጠርሙሱ ምንም አይደለም፣ ችግሩ ክዳኑ ነው። ክዳኑ ውስጥ ዙሪያውን ያለው ለስላሳ ጎማ መሰል ነገር አንዴ ከተጨመቀ ሁለተኛ በደንብ ላይገጥም ይችላል፣ የድሮውንም ሽታ ይይዛል። አዲስ ክዳን ከተገኘ አዲስ ይሁን። ጠርሙሶቹን በሳሙና አጥበሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆዪያቸው፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ የፈላ ማርማላታ ከተገለበጠ ይሰነጠቃል። ማርማላታውን ከእሳት እንዳወረድሽ አረፋውን ገፍፈሽ ወዲያው ሙዪ። እዚህም ላይ ከፍታችን ይጎዳናል፤ የእኛ ማርማላታ ከመነሻው 97 ዲግሪ ስለሆነ ወደ 85 ዲግሪ ለመውረድ ብዙ አይፈጅበትም፣ ከ85 በታች ወርዶ መሙላት ደግሞ አይመከርም። ከአፉ ግማሽ ሳንቲም ያህል ብቻ ባዶ ተዪ። አፉን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ የተንጠባጠበ ስኳር ካለ ክዳኑ አይገጥምም።

ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ። ትልቅ ድስት መቀመጫው ላይ ጨርቅ አንጥፊ፣ ጠርሙሶቹን ደርድሪ፣ ውሃው ከክዳኑ በላይ ሁለት ሦስት ሳንቲም ይሸፍናቸው። ውሃው ከፈላ ጀምሮ 15 ደቂቃ ቁጠሪ። ቆላ ላይ 5 ወይም 10 ደቂቃ የሚሉ አሠራሮች ታያለሽ፤ ከ1,800 ሜትር በላይ ለምንኖር ግን 15 ነው፣ ምክንያቱ አሁንም ያው ነው፣ የእኛ የፈላ ውሃ ቀዝቀዝ ይላል። ጠርሙሱን ገልብጦ ማቆም ብዙ ቤት የተለመደ ነው። ለዚህ ሥራ ምትክ አይሆንም። ሲቀዘቅዝ የክዳኑን መሐል በጣትሽ ጫን በዪው። ወደ ውስጥ ገብቶ ከቀረ ታሽጓል፣ ጨለምና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አንድ ዓመት ይቆያል። ቀጭ ቀጭ ካለ አልታሸገም፣ ፍሪጅ አስገብተሽ መጀመሪያ እሱን ጨርሺ። የተከፈተ ጠርሙስ ሁልጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ በወር ውስጥ ይለቅ፣ በደረቅና በንጹሕ ማንኪያ ብቻ ይወጣ። የዳቦ ፍርፋሪ የነካ ቢላ ሻጋታን በእጅ ይዞ እንደማስገባት ነው።

ወደ ፓፓያና ዘይቱን ልምጣ። ዘይቱን ካገኘሽ አትለፊው። ከእኛ ፍሬዎች ለማርማላታ እንደ ዘይቱን የተፈጠረ የለም፤ ፔክቲኑም አሲዱም ሞልቷል። ሳትላጪ ቆራርጠሽ በትንሽ ውሃ ቀቅዪው፣ ሲፈርስ በወንፊት አሳልፊ፣ ዘሩ እዚያ ይቀራል። ለአንድ ኪሎው 800 ግራም ስኳርና ሁለት ሎሚ በቂ ነው። ክብደቱ ለዚህ 1 ኪሎ ከ400 አካባቢ ነው የሚመጣው፣ እንደ ማንጎው። ትንሽ ረዘም አድርገሽ ብታበስዪው ቀዝቅዞ በቢላ የሚቆረጥ ይሆናል፣ ብራዚሎች እንደዚያ ሠርተው ከአይብ ጋር ይበሉታል። በነገራችን ላይ ማርማላታ የሚለው ቃል ራሱ ዘሩ የፖርቱጋሎች ነው፤ ማርሜሎ የሚሉት ፍሬ አላቸው፣ ከእሱ የሚሠሩትም እንዲሁ በቢላ የሚቆረጥ ነበር።

ፓፓያ ላይ ግን ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። ፓፓያ ጣፋጭ ነው እንጂ ኮምጣጣ አይደለም፣ አሲዱ በጣም ዝቅተኛ ነው። ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው ቁጥር፣ ዝቅ ባለ መጠን አሲዱ ይበዛል) ከ5 በላይ ነው፤ ታሽጎ ከፍሪጅ ውጭ የሚቀመጥ ነገር ደግሞ ከ4.6 በታች መሆን አለበት፣ እኔ ከ4 በታች ካልሆነ ልቤ አያርፍም። አደገኛ የሚባሉት ባክቴሪያዎች የሚወዱት አሲድ የሌለበትንና አየር የማይገባበትን ቦታ ነው። ስለዚህ ፓፓያን ብቻውን አትሥሪው። ግማሽ ፓፓያ፣ ግማሽ አናናስ አድርጊ፣ ወይም የፓሽን ፍሩት ጭማቂ ጨምሪበት፣ ሎሚውንም አትንሺው። ፓሽን ፍሩት ከፓፓያ ጋር ሲገናኝ የሚሰጠውን መዓዛ አንዴ ከቀመስሽ በኋላ ፓፓያ ብቻውን ትዝ አይልሽም። የፒኤች መለኪያ ወረቀት ካላገኘሽ፣ ፓፓያ ያለበትን ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው። ሙዝና አቮካዶ ግን ማርማላታ ለመሥራት አትሞክሪ። አቮካዶ አሲዱ እጅግ ትንሽ ነው፣ ቅባቱ ይበዛል።

አሁን ወጥ ቤትሽ ውስጥ ያሉት። የሻገተውን ጣይው። ከላዩ ገፈፍ አድርጎ የታችኛውን መብላት የብዙዎቻችን ቤት ልማድ ነው፣ ግን የሻጋታው ሥር በዓይን ከሚታየው በላይ ጠልቆ ይገባል፣ አንዳንዱም መርዝ ይተዋል። ለአንድ ጠርሙስ ማንጎ ብለሽ ልጆችሽን አታብዪ።

ያልሻገቱትን ፈሳሾች ክፈቺና አሽቺ። ጠጅ ጠጅ ወይም ኮምጣጤ የሚሸተውን፣ ስትከፍቺው ፍሽ የሚለውን አስወግጂ። ደህናው ይተርፋል። መዝኚው፣ የቀነስሽውን ስኳርና ሁለት ሦስት ሎሚ ጨምሪበት፣ ከዚያ ያንቺ ቁጥር ላይ እስኪደርስ አፍዪ። በጣም ስለበሰለ እንደ መጀመሪያው ላይረጋ ይችላል። ቢላላም ለኬክ መሐል ይሆናል፣ በጾም ቀን ደግሞ ቅቤ ያልነካው ዳቦ ላይ ማን ይጠላዋል።

የጠነከረውን ቅመሺው። የአረረ ምሬት ካለው ምንም አያድነውም። ቀለሙ ብቻ ከሆነ የጠቆረው፣ ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይተሽ አለስልሺውና ለአንድ ኪሎው 300 ሚሊ ሊትር ውሃና የአንድ ሁለት ሎሚ ጭማቂ ጨምረሽ በቀስታ እሳት አማስዪው። ሲሟሟ አንድ ጊዜ ይፍላና አውርጂው፣ ከዚያ በላይ አትቆዪበት። ጣዕሙ ወደ ካራሜል ያደላል፣ እኔ እንዲያውም ሻይ ውስጥ እወደዋለሁ።

ሳጥኑ ውስጥ ማንጎ ተርፎሽ ከሆነ ዛሬ ማታ ውሃ ጣጂና ለኪ። ያገኘሽውን ቁጥርና የምትኖሪበትን ሰፈር ጻፊልኝ። እንጦጦ ሥር ከሆንሽና አቃቂ ከሆንሽ አንድ ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይኖረዋል፣ ስኳሩን ከመጨመርሽ በፊት ሒሳቡን አብረን እናየዋለን።